የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፤ የረጋ ደምስ?

ሀበሻ ጤነኛ ሰው ሲወድ ያበላል፤ የታመመ ሰው ሲወድ ደግሞ ያስተኛል። «አትነሺ!»፣ «እኔ አቀብልሻለሁ!»፣ «እኛ እያለን አንቺን ምን አስነሳሽ?» ከአልጋዋ ላይ እግሯን ለማውረድ የሞከረች በሽተኛ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ትሰማለች። ከማህፀን ኦፕራሲዮን የወጣች ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። እንደ አራስ ትቆጠራለች። መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይመጣል፣ ገንፎ ይከተላል። ብትነሳ ስፌቱ ይፈታል፣ ብትቆም ብርድ ይገባታል፣ ኮሪደር ላይ ብትታይ ሰው ምን ይላል… ምክንያቱ አያልቅም።

ፍቅር መሆኑን አንክድም። በሀገራችን ሆስፒታሎች አስታማሚ ባይኖር ኖሮ የሥራውን እኩሌታ ማን ይሠራው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ግን ይህ ፍቅራችን አንድ ነገር ይረሳል። ደም ካልሄደ ይረጋል። አባቶቻችን «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ብለው እርጋታን አስተምረውናል፤ ደግ አደረጉ። የረጋ ደም ግን ቅቤ አይወጣውም። እሱ ራሱ ነው ከእግር ተነስቶ ወደ ሳንባ የሚወጣው።

የዛሬው ወጋችን እንግዲህ ይኸው ነው፦ ከማህፀን ኦፕራሲዮን በኋላ እግር ውስጥ ስለሚረጋ ደም፣ እንዴት መከላከል እንደሚቻልና ከዚህ ውስጥ የአስታማሚ ድርሻ የትኛው እንደሆነ። ሐኪሞች አይደለንም። የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ይዘን ከወጣነው ሁሉ የማትረሳን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ብሎ መጠየቅ ናት። እናታችን ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የጠቀመችንም ይህቺው ናት።

ካርዱ ውስጥ የታጠፈው ወረቀት

እናታችን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ለዓመታት «የወር አበባዬ በዛብኝ» ስትል ቆይታ በመጨረሻ ማዮማ መሆኑ ታወቀ። እብጠቱ ትልቅ ስለነበር ማህፀኗ እንዲወጣ ተወሰነ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ወጥቶ «ጥሩ ነው፣ አትስጉ» ሲለን አክስታችን እዚያው ኮሪደር ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዋን ሰባት ጠያቂ ከቦታል። ሁሉም ያጽናናል፣ ሁሉም ያጎርሳል፣ ሁሉም ይሸፍናል። ለዎርዱ ሙሉ ያሉት ሁለት ነርሶች ናቸው፤ እየሮጡ ነው የሚውሉት። «ሲስተር፣ መቼ ነው የምትነሳው?» ብለን ጠየቅናት፤ አንዷን በሩ ላይ አግኝተን። «ከትናንት ማታ ጀምሮ መነሳት ነበረባት እኮ!» አለችን። ታዲያ ማን ነገረን? ማንም።

«ሌላስ የታዘዘላት ነገር አለ?» ብለን ቀጠልን። ሲስተሯ ካርዱን ገለጥ ስታደርግ ከውስጡ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወጣች። የመርፌ ማዘዣ ናት። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስለሌለ ቤተሰብ ከውጭ እንዲገዛ ተጽፏል፤ ለቤተሰብ የሰጠ ሰው ግን የለም። መርፌው ኢኖክሳፓሪን ይባላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው። ሐኪሙን ፈልገን ስንጠይቀው «አልረፈደም፣ ቶሎ አምጡት» አለን። ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ አገኘነው።

የሆስፒታሉን ስም አንጠራም። ስም ብንጠራ የሌሎቹ ሆስፒታሎች አንባቢዎች «የእኛው ደህና ነው» ብለው እንዳይተኙ ነው። የታጠፈ ወረቀት የትም አለ።

ከመርፌው ይልቅ የከበደን ማስነሳቱ ነበር። «ትናንት ሆዷ የተከፈተ ሴት ታስኬዳላችሁ? እግዜርን አትፈሩም?» አለች አክስታችን።

«እቴቴ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘው።»

«ሐኪሙ እናቱን እንዲህ ያደርጋል?»

እናታችን ራሷ «ተዉኝ ልጆቼ፣ ያዞረኛል» አለች። መጀመሪያ የህመም ማስታገሻዋን ሰዓቱን ጠብቀን አሰጠናት። ከዚያ ትራሱን ከፍ፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ መቀመጥ። ማዞሩ እስኪተዋት ጠበቅን። ትራስ ሆዷ ላይ አስታቅፈን በሁለት በኩል ደግፈን አቆምናት። የመጀመሪያው ጉዞ እስከ መስኮቱ ነበር፤ አራት እርምጃ። ከሰዓት በኋላ እስከ በሩ። በሦስተኛው ቀን እስከ ኮሪደሩ ጫፍ። በዚያን ቀን አክስታችን ከኋላ እየተከተለች «ቀስ በዪ! ቀስ በዪ!» ትል ነበር፤ አንድ ነገር ግን ልብ ብለናል። ነጠላዋን የያዘችላት እሷው ነበረች።

ደሙ ለምን እግር ይመርጣል?

ልብ ደምን ወደ እግር ሲልከው መንገዱ ቁልቁለት ነው። መመለሻው ግን ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያስወጣው የባት ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ባታችን ይኮማተርና በውስጡ የሚያልፉትን ደም መላሽ ሥሮች ይጨምቃቸዋል፤ ደሙ ወደ ላይ ይገፋል። ሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ተኝታ የዋለች ሴት ሁለተኛው ልቧ ሥራ ፈቷል ማለት ነው።

ሩዶልፍ ቪርሾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ ሳንባ ውስጥ የሚገኝ የረጋ ደም ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስቶ በደም ሥር ተጉዞ ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። በስሙ የሚጠራው ሦስትዮሽ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት ይነገራል፦ ደም መሄዱን ሲያቆም፣ የደም ሥር ግድግዳ ሲጎዳ፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲቸኩል። ኦፕራሲዮን እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቀን ሰብስቦ ያመጣል። ሴትየዋ ትተኛለች፣ ሥሮቿ ይነካካሉ፣ ሰውነቷ ደግሞ ቁስሉን ለመዝጋት ብሎ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል።

የማህፀን ኦፕራሲዮን ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ከሁለቱ እግሮች የሚመጡት ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች የሚያልፉት በዳሌ ውስጥ፣ በማህፀን አቅራቢያ ነው። ትልቅ ማዮማ ወይም ሌላ እብጠት ሊጫናቸው ይችላል። አንዳንዱ ኦፕራሲዮን እግር ወደ ላይ ታስሮ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ነው። ካንሰር ካለ ደሙ የመርጋት ጠባዩ ይጨምራል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ የዕድሜ መግፋት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከዚህ በፊት በራስ ወይም በቤተሰብ ላይ የደረሰ የደም መርጋት… እነዚህ ሁሉ ይደመራሉ።

ቁጥር ለሚወድ አንባቢ፦ ምንም መከላከያ ካልተደረገ፣ ትልቅ የማህፀን ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ሴቶች መካከል በምርመራ ሲፈለግ ከ15 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት እግር ውስጥ የረጋ ደም እንደሚገኝ የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2007 ባወጣው መመሪያ ላይ ሰፍሯል (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኛው ምልክት ሳያሳይ የሚያልፍ ነው። አደጋው ተቆርሶ ሳንባ የሚደርሰው ነው፤ እሱ ሰው ይገድላል፤ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ።

«ተኚ» ያሉት ሐኪሞቹ ነበሩ

አክስቶቻችን ላይ ብቻ አንፍረድ። ኦፕራሲዮን የተደረገለትን ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ማቆየት የሐኪሞቹ የራሳቸው ሕግ ነበር። ኤሚል ሪስ የሚባል የቺካጎ የማህፀን ሐኪም በ1899 ታካሚዎቹን ቶሎ እንደሚያስነሳ ሲጽፍ ብዙም የሰማው አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው በ1940ዎቹ ነው። በአንድ በኩል ዳንኤል ላይትሃውዘር የሚባል የዲትሮይት ቀዶ ሐኪም ቶሎ የማስነሳትን ጥቅም እየሰበከ ነበር፤ በሌላ በኩል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልጋም ነርስም አሳጣ። በ1947 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አልጋ ራሱ አደገኛ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ፤ አደጋ ብሎ ከቆጠራቸው አንዱ እግር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። አክስታችን ከዚያ ዘመን በፊት ብትኖር ኖሮ ፕሮፌሰር ትባል ነበር ማለት ነው!

ዛሬ ግን ሌላ ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር በኦፕራሲዮኑ ቀን ማታ ወይም በማግስቱ መነሳት የተለመደ የሕክምና ትዕዛዝ ሆኗል። በደንብ የተሰፋ ሆድ በዝግታ በመራመድ አይፈታም። ከባድ ዕቃ ማንሳትና መራመድ ለየቅል ናቸው፤ የተከለከለው እንስራው ነው እንጂ ኮሪደሩ አይደለም።

እርምጃ ብቻውን ላይበቃ ይችላል

አደጋቸው ከፍ ላለ ሴቶች ሐኪሞች መርፌ ይጨምራሉ። የመርፌዎቹ እናት ሄፓሪን ናት። በ1916 ጄይ ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ ከውሻ ጉበት ውስጥ ተቃራኒውን አገኘ። ስሟም የመጣው ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በ1975 ደግሞ ቪጃይ ካካርና ባልደረቦቹ በተለያዩ ሀገሮች ከ4,000 በላይ የኦፕራሲዮን ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት በላንሴት መጽሔት አወጡ። ትንሽ ሄፓሪን ካልተሰጣቸው መካከል 16 ሰዎች ሳንባቸው ላይ በደረሰ የረጋ ደም ሞቱ፤ ከተሰጣቸው መካከል 2። ለእናታችን የታዘዘው ኢኖክሳፓሪን የሄፓሪን ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል።

ታዲያ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ደም እንዲፈስም ሊያደርግ ይችላልና። ቀላልና አጭር ኦፕራሲዮን የተደረገላት፣ ሌላ ሥጋት የሌለባት ወጣት መርፌ ላያስፈልጋት ይችላል። የመድማት ሥጋት ላለባት ደግሞ እግርን በየተራ እየጨመቀ የሚለቅ የአየር መሣሪያ አለ፤ ካለ። ሚዛኑን የሚይዘው ሐኪሙ ነው። «ለእህቴ የተረፈ መርፌ አለ፣ ውሰዱ» የሚባል ነገር አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንናገር። ሄፓሪንም ኢኖክሳፓሪንም በአብዛኛው የሚሠሩት ከአሳማ አንጀት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት ሀገር ይህን ሰው ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል፤ በኋላ ከጎረቤት ሰምቶ መርፌውን በመሃል እንዳያቋርጥ። የሚከብዳት ሴት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፣ የሃይማኖት አባቷንም ትጠይቅ። በላቦራቶሪ የሚቀመም ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል መርፌ አለ፤ እንደ አፒክሳባን ያሉት የሚዋጡት መድኃኒቶችም ከእንስሳ የሚወጡ አይደሉም። ለእሷ የሚሆን መሆኑንና በከተማው መገኘቱን ማጣራት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ካልሲውስ? አሜሪካ ያለችው ዘመዳችን እናታችን ኦፕራሲዮን መሆኗን እንደሰማች «የግፊት ካልሲ ልላክ?» አለችን። እግዜር ይስጣት። ግን በ2020 በእንግሊዝ ሀገር የወጣ ጥናት፣ የመከላከያ መርፌውን ለሚወስዱ የኦፕራሲዮን ታካሚዎች ካልሲ መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ትርፍ እንዳላመጣ አሳይቷል። ልኩ ያልሆነ ካልሲ ደግሞ እግርን ያስራል። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘው በቀር ካልሲውን ትተን ለታክሲ ይሁን አልናት።

ሦስተኛው ሳምንት

ከሁሉም ያስደነገጠን ይኼኛው ነው። በ2009 የታተመ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የብሪታንያ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ። ሆስፒታል ተኝተው ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው በኋላ አደጋው ጫፍ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። እስከ 12 ሳምንትም ከወትሮው ከፍ እንዳለ ይቆያል። ልብ በሉ! በሦስተኛው ሳምንት ሴትየዋ ሆስፒታል የለችም፤ ቤቷ ናት። ሐኪም የለም፤ ያለነው እኛ ነን፣ አጥሚቱና ጋቢው።

በእናታችን ዎርድ፣ ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ነበረች። እሷም ከእንቁላል ማምረቻዋ ላይ እብጠት ወጥቶላት ነው። ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት ላይ የቀጠሮ ቀንና የክኒን ስም አለ፤ ስለ እግር ግን አንድ ቃል የለም። ከእናታችን ጋር ስልክ ተለዋውጠው ነበር። በሃያኛው ቀን እናታችን ደውላ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «ደህና ነኝ፤ ግራ እግሬን ብርድ መትቶኝ አብጧል። ወጌሻ ጠርተውልኝ በቅቤ እያሹኝ ነው» አለቻት።

ስልኩን ከእናታችን እጅ ወስደን ወንድሟን አገናኙን አልን። «ማሸቱን አቁሙ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት» አልነው። አመሻሹን ወሰዳት። አልትራሳውንዱ ከጉልበቷ በላይ ጭኗ ድረስ የረጋ ደም አሳየ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረላት፤ ለሦስት ወር ወሰደች። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ያቺ እግሯ ግን ሲመሽ አሁንም ታብጣለች። በደግነት የሚታሸው ያ እግር የረጋውን ደም ቆርሶ ወደ ሳንባዋ ሊልከው ይችል ነበር። ወጌሻው ክፉ ሰው አይደለም። ማን ነገረው?

ምልክቱን ማወቅ የትም ቢሆን ሰው ያድናል። ሴሬና ዊሊያምስን ውሰዱ። በ2017 በኦፕራሲዮን ከወለደች በኋላ በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ቀደም ሲል በ2011 ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስለነበር ምን እንደሆነ አወቀች። ለቮግ መጽሔት እንደተናገረችው፣ ሲቲ ስካንና ሄፓሪን እንደሚያስፈልጋት ለነርሷ ስትነግራት ነርሷ የህመም ማስታገሻው ያምታታት መሰላት። እሷ ግን አልተወችም። ሲቲ ስካኑ ሲነሳ የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። በዓለም ከታወቁት ስፖርተኞች አንዷ፣ በሀብታም ሀገር፣ ይህን ያህል ከተከራከረች የእኛ እናቶች ስንት ጊዜ መከራከር ሊኖርባቸው ነው?

ስለዚህ ምልክቶቹ እነሆ። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ባት ወይም ጭን ሲያም፣ ቆዳው ሲሞቅ ወይም መልኩ ሲለወጥ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር፣ ሲተነፍሱ ደረት ሲወጋ፣ አክታ ከደም ጋር ሲወጣ ወይም ራስን ሲስቱ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስድስቱ ጥያቄዎች

የጋዜጠኝነት መምህሮቻችን ይቅር ይበሉን፤ ጥያቄዎቻቸውን ወደ ዎርድ ይዘናቸው ገብተናል።

ማን? ታካሚዋ ማን ናት? ከዚህ በፊት ደም ረግቶባት ያውቃል? ቤተሰቧስ? ክኒን ትወስዳለች? ካንሰር አለባት? ሳትጠየቅ ትንገር።

ምን? የታዘዘላት መከላከያ ምንድን ነው? መራመድ ብቻ? መርፌ? መሣሪያ?

መቼ? መቼ ትነሳለች? መርፌው መቼ ይጀመራል፣ መቼስ ያበቃል? በካንሰር ምክንያት የሆድ ወይም የዳሌ ኦፕራሲዮን ለተደረገላቸው ብዙ ጊዜ አራት ሳምንት ይታዘዛል። በ2002 የወጣ ጥናት መርፌው ከአንድ ሳምንት ወደ አራት ሲራዘም የደም መርጋቱ ከ12 ወደ 4.8 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። «ከሆስፒታል ወጣሁ» ማለት «መርፌው አበቃ» ማለት ላይሆን ይችላል።

የት? መድኃኒቱ የት ይገኛል? ማታ ምልክት ብናይ የት እንሂድ?

ለምን? መርፌ ካልታዘዘ ለምን? መልሱ «አያስፈልጋትም» ሊሆን ይችላል፤ ደግ ነው። «ረሳነው» ከሆነ ግን አሁኑኑ ይታወስ።

እንዴት? ቤት ውስጥ መርፌውን ማን፣ እንዴት ይወጋል? መነሳት ባትችል አልጋ ላይ ሆና እግሯን እንዴት ታንቀሳቅስ? ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ፣ ወደ ታች መግፋት፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት።

ሐኪም ሲጠየቅ የሚቆጣ አለ፤ እናውቃለን። ሲጠየቅ ደስ የሚለውም አለ፤ እሱንም አይተናል። ሁለቱም ግን ሲጠየቁ ካርዱን ይገልጣሉ። የምንፈልገውም ካርዱ እንዲገለጥ ነው።

ፍቅራችንን ቀንሱ አላልንም። አጥሚቱም ይምጣ፣ ገንፎውም ይገንፋ፣ ጋቢውም ይደረብ። ከዚህ በኋላ ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት ልትጠይቁ ስትሄዱ ግን ብርቱካናችሁን አስቀምጡና ክንዳችሁን ስጧት። እስከ መስኮቱ አድርሷት፣ መልሷት፤ ከዚያ ትረፍ።

ቸር ያሰንብተን!